ደረጃ የማያወጣ ትምህርት ቤት

የቂል ነገር ከተነሳ ከኔ እንጀምር። ሰው ለጎረቤቱ ደሞዙን ከሚናገር ራቁቱን ባቡር ጣቢያ ቢቆም በሚመርጥበት በሆላንድ አገር፣ ሃያ አምስት ቤት ስልክ እየደወልኩ “ልጅዎ ሒሳብ ስንት አመጣ?” ብዬ የጠየቅኩ ሰው እኔ ነኝ። ሰክሬ አልነበረም፤ ሰክሬ ቢሆንማ ሰበብ ባገኘሁ። እርሳስ ቀርጬ፣ ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግቼ፣ በሙሉ ጤንነቴ ነው ያደረግኩት። ምክንያቱ ቅናት ነው። የአባት ሃላፊነት፣ የትምህርት ፍቅር፣ የአገር ኩራት እያልኩ ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ። አንዱም ልኩ አልሆነም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እኛ ዛንዳም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እኔ የካካዎ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እደረድራለሁ፤ ባለቤቴ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ልጃችን አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች።

ትምህርት ቤቱ የኛ ከተማ ብቻ አይደለም። በዙሪያችን ያሉት አራት መንደሮች ለየብቻቸው ሁለተኛ ደረጃ የሚሞላ ልጅ ስለሌላቸው፣ ከኛ ሰፈር ጋር ተባብረው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት አላቸው። የተሠራውም ማንም እንዳይቀየም ነው መሰለኝ ለሁሉም እኩል ሩቅ የሆነ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአምስት አቅጣጫ ብስክሌት ይጎርፋል። የላም አርቢው ልጅ፣ የሐኪሙ ልጅ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ የኔ ልጅ፣ ሁሉም ጉንጩን ነፋስ እየገረፈው ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት የድልድይ ክፍል ይባላል። ልጆቹን ቀላቅለው ያስተምሯቸውና ከዚያ በኋላ ነው ማን ወደ የትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደሚሄድ የሚለዩት።

ከነዚያ መንደሮች በአንደኛው ወዳጄ ይኖራል። ወዳጄ ስል ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ በአንድ ወር ልዩነት ተሰድደን እዚህ የተገናኘን ሰው ነው። ለኔ ማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ ሲሰጠኝ ለሱ ግቢ ያለው ቤት ሰጠው። እኔ ጆንያ ስሸከም እሱ ቦርሳ ይዞ አምስተርዳም ቢሮ ይገባል። እኔ የሆላንድኛን ያቺን ከጉሮሮ የምትወጣ ድምፅ ስሞክራት ሰው ውሃ ያቀርብልኛል፤ እሱ እዚያው እንደተወለደ ሰው ያወጣታል። ሌላው ቀርቶ ጉንፋን አብረን ቢይዘን እሱ ቀድሞኝ ይድናል።

አገር ቤትም እንዲሁ ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ተማሪው ሜዳው ላይ ተሰልፎ፣ ወላጅ ዳር ዳር ቆሞ፣ ዳይሬክተሩ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ይጠራሉ። አንደኛ እሱ ነው። ወጥቶ ብዕር ይሸለማል፤ እኔ አጨበጭባለሁ። እኔ አራተኛ ነኝ። አራተኛ ማለት ከተሸለሙት ቀጥሎ ያለ ሰው ማለት ነው፤ ማንም አይጠራውም፤ ግን ስንት ነጥብ እንደጎደለው እስኪሞት አይረሳም። የሱ ወንድ ልጅና የኔ ሴት ልጅ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ክፍል ተመደቡ።

ብርዱ ሲገባ የመጀመሪያው ሪፖርት መጣ። ውጤቱ ከአስር ነው። የልጄ ካርድ ላይ ስድስትና ሰባት ይበዛል፤ አንድ ስምንት አለ፣ እሱም በስፖርት። ሆላንዳዊቷ ጎረቤቴ አይታ “ጎበዝ ልጅ” አለችኝ። በኛ ጊዜ ሰባ ያመጣ ልጅ ቤቱ የሚገባው ኮቴውን አጥፍቶ ነው።

በዚያው ሳምንት እሁድ አምስተርዳም ሄድን። ከፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን በተዋስነው አዳራሽ ጸሎት አድርሰን፣ ማዕድ ቀርቦ፣ ልጆቹ ውጭ እየተጫወቱ ሳለ፣ ሁላችንንም እንደ ልጅ የሚያዩን አንዲት ትልቅ ሴት ወዳጄን ጠየቁት።

“ልጁ ትምህርቱ እንዴት ሆነለት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ አንደኛ ወጥቷል” አለ፤ ድንች እየቆረሰ፣ እንደ ቀላል ነገር።

“እሰይ የኔ ጌታ። እሰይ። ያባቱ ልጅ” አሉና ወደኔ ዞሩ። “ያንተዋስ?”

አሥር ሰው ያየኛል። እሱም ያየኛል።

“ሁለተኛ ናት” አልኩ።

መዋሸቴ ካልቀረ አንደኛ ማለት ይቻል ነበር። ግን ቦታው ተይዟል፤ ልጆቹ አንድ ክፍል ናቸው። በገዛ ውሸቴ ውስጥ እንኳ እሱን ማለፍ አልቻልኩም። እሱም ጎርሶ ሲጨርስ “አልነገርከኝም እኮ” አለኝ። “ጉራ አልወድም” አልኩት። እትዬ ሁለታችንንም መረቁን። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ፤ ምረቃው አልተሰማኝም።

ቀጥሎ የወላጆች ቀን ነበር። የስፖርት አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ይደረደራል፤ ወላጅ ተራውን ጠብቆ ክፍሉን ከሚከታተለው መምህር ጋር አሥር ደቂቃ ይነጋገራል፤ ከዚያ ደወል ይደወላል። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረች ብቻዬን ሄድኩ። መምህሩ ረጅም ሰውዬ ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ የሹራቡ ክርን በቆዳ ተለጥፏል።

“ልጅዎ ደስተኛ ናት” አለኝ። “ጓደኞች አሏት። የማታውቀውን አላውቅም ብላ ትጠይቃለች። ይሄ በጣም ጥሩ ነው።”

“ስንተኛ ናት?” አልኩ።

“ከምን?”

“ከክፍሉ።”

የልጄን ክብደት የጠየቅኩት ይመስል ትንሽ ወደ ኋላ አለ። “እኛ እንደዚያ አናደርግም። እዚህ እያንዳንዱ ልጅ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው።”

“እሺ፣ ከራሷ ጋር ተወዳድራ ስንተኛ ወጣች?”

ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። ቀልደኛ ነኝ ብሎ ጓደኛዬ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ የምሬን ነበር። ደወሉ ተደወለ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ትምህርት ቤቱ ደረጃ የማያወጣ ከሆነ ወዳጄ አንደኛ የሚለውን ከየት አመጣው? ዋሽቷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። መስኮቱ ላይ ፊቴን ሳየው ይስቃል። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ውሸቱን ለማጋለጥ እውነቱን ማወቅ አለብኝ። ደረጃውን ካላወጡት እኔ አወጣዋለሁ። ደግሞስ ማን ያውቃል፤ ልጄ እውነት ሁለተኛ ብትሆንስ?

ለዚህ መሣሪያው ቤቴ ውስጥ ነበር። ዓመቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ወላጅ የክፍሉ የስልክ ዝርዝር ይሰጠዋል። አስተማሪ ሲታመም ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያው ቤት ይደውላል፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ልጆቹ በከንቱ በዝናብ እንዳይመጡ ያደርጋሉ። ፍሪጃችን ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ የጠዋት ፈረቃ ነኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። ልጄ የምትመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ደግሞ አብዛኞቹ የሆላንድ እናቶች ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ነበሩ።

“እንደምን ዋሉ፤ ከክፍሉ ዝርዝር ነው የምደውለው። የልጅዎን ውጤት ለመመዝገብ ነው” እላለሁ። ከዚህ በላይ አልዋሸሁም። በዝርዝሩ የሚመጣ ስልክ ሁልጊዜ ከትምህርት ቤቱ የመጣ መልእክት ስለሆነ እነሱም ሌላ አልጠረጠሩም። አንዷ “አንድ ደቂቃ፣ መነጽሬን ላምጣ” ብላ አሥራ ሁለቱንም ትምህርት አነበበችልኝ። ላም አርቢው ካርዱን ፍለጋ ወጥቶ ብዙ ቆየ፤ ሲመለስ ከውጤቱ ጋር ልጁ በዚያ ሳምንት ብቻውን ጥጃ እንዳዋለደ ነገረኝ። ባዮሎጂ ላይ ልጨምርለት ምንም አልቀረኝም። አንዲት የሐኪም ሚስት ብቻ “ይሄ የግል ጉዳይ ነው” ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ወዳጄ ቤት የደወልኩት ቢሮ መሆኑን አውቄ ነው። ሚስቱ “ምነው፣ ለምን ፈለግከው?” አለች። “ለልጆቹ አንድ ነገር አስቤ ነው” አልኳት። አመስግና አነበበችልኝ።

በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ስደውል ሰዎቹ ካርዱን ይዘው ይጠብቁኛል። “አዎ፣ አዎ፣ ሰምተናል” ይሉኛል። ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት የሠለጠነ ሕዝብ ነው አልኩ። የሆነው እንዲህ ነው። ሆላንዳዊ በዝርዝሩ ስልክ ከደረሰው ለሚቀጥለው ማስተላለፍ ግዴታው ነው። እኔ በደወልኩላቸው ቁጥር እነሱም ተራቸውን ጠብቀው ለሚቀጥለው ቤት እየደወሉ “ውጤት እየተሰበሰበ ነው፣ አዘጋጁ” ይሉ ነበር። የዝርዝሩ ሕግ ደግሞ የመጨረሻው ቤት ለክፍሉ መምህር ደውሎ “መልእክቱ ተዳርሷል” ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ልጅ ሰበሰብኩ፤ ከልጄ ጋር ሃያ። ደመርኩ፣ ለአሥራ ሁለት አካፈልኩ፣ በቀይ እርሳስ ደረጃ አወጣሁ። እኩል ያመጡትን ሁለቱን እንደ አገራችን ሥርዓት ስድስተኛን አጋራኋቸውና ሰባተኛን ዘለልኩ። እጄ አልረሳውም። ሲያልቅ ወንበሬን ሳብ አድርጌ አየሁት።

አንደኛ የወዳጄ ልጅ ነው። ስምንት ነጥብ አራት። የሚከተለው እንኳ አጠገቡ አይደርስም። ሁለት ጊዜ መልሼ ደመርኩ፤ ያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደክሜ የሰውዬውን ውሸት በገዛ እርሳሴ እውነት አደረግኩለት። የኔ ልጅ አሥራ አራተኛ ናት።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በሩ ተከፈተ። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ ናት፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጣች።

“ፓፓ፣ ለክፍሌ ልጆች ቤት በሙሉ ደውለሃል?”

“በሙሉ አይደለም” አልኩ። አምስት ቤት አላነሱም፣ አንዷ እምቢ ብላለች። ይህ የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር።

“መምህሩ ክፍል ውስጥ ማን ውጤት እንደሚሰበስብ ጠየቀ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የእረፍት ሰዓት ላይ አንዱ ልጅ ስልክ እንደያዘ ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እንዳንተ እየተናገረ ተከተለኝ። ዤናንት ነው። በሆላንድኛ ነው የማውቀው፤ እንዴት እንደሚያሳፍር በአማርኛ ላብራራልህ አልችልም።” ከዚያ ወረቀቱን አየችው። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥርና የክፍሏን ልጆች ስም ግን ታነባለች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደችው። አሥራ አራት ላይ ቆመ።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

“ከሃያ ነው” አልኩ። “ያልመለሱ አሉ። ምናልባት እነሱ...”

ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። በሚቀጥለውም ቀን። አምስተርዳም ያለች አክስቷ ጋር ሄዳ፣ ማንም በማያውቃት ትምህርት ቤት ልትማር ወስናለች። ባለቤቴ ሁሉንም ሰማች፤ ስለ እሁዱ ውሸትማ በእግሯ ቀድማ ነግራኝ ነበር።

“አንተ ሰውዬ” አለችኝ፤ “ልጅቷ በስድስት ዓመቷ ቋንቋ ሳትችል እዚህ አገር ገብታ ጓደኛ እስክታገኝ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች ረሳኸው? አሁን አግኝታ ነበር እኮ። ካጣቻቸው አንተ ነህ የምትመልስላት።”

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ደወለ። ቢቆጣኝ በቀለለኝ። “በሌላ አገር ሌላ ልማድ እንዳለ ይገባኛል” አለ፤ ይሄ ከቁጣ ይከብዳል። ከዚያ በትህትና፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተመለሰች ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ማዘጋጃ ቤቱን አልነበረም የፈራሁት። በሯ ስር የሚታየው መብራት ሁለት ቀን ሙሉ አለመጥፋቱን ነበር።

ሄጄ አንኳኳሁ። “ምን ላድርግ?”

“ደውልላቸው” አለች ከበሩ ወዲያ።

“ለማን?”

“ለሁሉም። የትምህርት ቤቱ እንዳልሆነ ንገራቸው። ይቅርታ ጠይቅ። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። ወረቀቱን መጀመሪያ ቅደደው።”

ቀደድኩት። ዝርዝሩን ከፍሪጁ ላይ አንስታ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አንድ ቤት በጨረስኩ ቁጥር ምልክት ታደርጋለች፤ ያሳጠርኩ ሲመስላት እስክሪብቶውን አታነሳም።

አብዛኞቹ ደህና ሰዎች ነበሩ። የሚገርመው ግን ይቅርታዬን ተቀብለው ስልኩን አይዘጉም። ዝቅ ባለ ድምፅ “ለመሆኑ፣ በመካከላችን ይቅርና፣ የኔ ልጅ የት አካባቢ ነበር?” ይላሉ። ላም አርቢው ጠየቀኝ። መነጽሯን ያመጣችው ጠየቀችኝ። ጆሮዬ ላይ የዘጋችው የሐኪም ሚስት እንኳ “ልጄ ሳይኖርበት እንዴት ደረጃ ሊወጣ ይችላል?” ብላ ተቆጣች። ሁላቸውንም “ወረቀቱ ተቀድዷል፣ አላስታውስም” አልኳቸው። አሁንም አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ስድስተኛን የተጋሩትን ጭምር። ግን ልጄ ታየኛለች።

የቀረው ወዳጄ ብቻ ነበር። እሱን ለነገ ላሳድረው ስል በእስክሪብቶዋ ስልኩን ጠቆመችኝ። ለሱ በአማርኛ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሚስቱን ደግነት እንደተጠቀምኩበት፣ እሁድ ሁለተኛ ያልኩት ውሸት መሆኑን።

“የኔም ግምት ነበር” አለ። “ካርዱ ጥሩ ስለሆነ አንደኛ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው። ለመሆኑ ስንተኛ ሆነ?”

ለሱ ወረቀቱ ጠፍቷል ማለት እችል ነበር። ግን “አንደኛ” አልኩት። “ስምንት ነጥብ አራት።”

ደስታውን ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር። “አልነግረውም” አለ። “አሁን በደስታ ነው የሚማረው። አንደኛ መሆኑን ካወቀ እንዳይወርድ መፍራት ይጀምራል። እኔ ያኔ ሜዳው ላይ ስሜ ሊጠራ ሲል ሁልጊዜ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። አንተ እየሳቅክ ታጨበጭባለህ፤ እቀናብህ ነበር።”

ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ የሆድ ቁርጠት ስቀና ኖሬያለሁ። ይሄን አልነገርኩትም። ልጁ እንዲህ ያለ አባት ስላለው ደግሞ አዲስ ቅናት ያዘኝ፤ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ በሽታዬ ነው።

በማግስቱ አርብ ነበር። ልጄ ጠዋት ተነስታ ለባበሰች፤ ሦስት ፎቅ ብስክሌቷን ተሸክሜ አወረድኩላት። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ የካካዎው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ጓንቷን እያጠለቀች ወደ ጥግ አየች፤ ሁለት የክፍሏ ልጆች እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ይጠብቋታል።

“ተቀይመሽኛል?” አልኳት።

“ትንሽ” አለች። ኮርቻው ላይ ወጥታ ፔዳሉን በእግሯ ፈለገችውና ዞር ብላ፣ “እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ታውቃለህ አይደል ፓፓ?” አለችኝ።